ያውቁ ኖሯል? ለመሰባበር የተሠራው ፓራውልት

ጋራዥ ውስጥ «ፓራውልት» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ፓራ» መመከት፣ «ኡርቲ» ደግሞ ግጭቶች ማለት ነው። ግጭት መካች እንደ ማለት። ስሙ የሚናገረው ግን ግማሹን ሥራ ብቻ ነው። መኪናው ሲበላሽ ገመድ የሚታሰረውም በዚሁ በኩል ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ደግሞ አይዋደዱም። ሲገፉት እንዲጨማደድ ታስቦ የተሠራ ነገር፣ ሲጎትቱት እንዴት ሳይነቀል ይቆያል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1897 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር፣ በኔሰልስዶርፍ ፋብሪካ የተሠራችው «ፕሬዚደንት» የተባለች መኪና ከፊቷ ፓራውልት ነበራት። በ1905 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሲምስ በአየር የተሞላ የጎማ ፓራውልት ይዞ ብቅ አለ። ምቱን የሚቀበለው አካል ለስላሳ ይሁን የሚለው ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዓለም ግን ከእሱ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ፊቱን ወደሚያብረቀርቅ ብረት አዞረ፤ ፓራውልትም ከመከላከያነቱ ይልቅ ጌጥነቱ በለጠ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ከግንብ ጋር መላተም፣ 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል መሆኑንስ? የሦስተኛ ፎቅ በረንዳን ያስቡ።

አንድ መኪና በሰዓት 50 ሲነዳ የሚሸከመው ጉልበት በ15 ሲነዳ ካለው 11 እጥፍ ነው። ፓራውልት የታሰበው ለትንሹ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ግጭት፣ በመብራት ላይ ከኋላ ለሚመጣ ግፊት። ለትልቁ ግጭት ከፓራውልቱ ጀርባ ያለው የመኪናው አፍንጫ በሙሉ ይጨማደዳል። መኪና ሆን ተብሎ መጨማደድ አለበት የሚለውን ሐሳብ በ1951 ለፈጠራ መብት ያቀረበው የመርሴዲስ ቤንዙ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ነው። ከፊትና ከኋላ የሚጨማደድ፣ መሐሉ ግን የማይነቃነቅ መኪና በ1959 ለገበያ ቀረበ። የአደጋ ፎቶ ስናይ «እንዲህ የሚሰባበር ምን ዓይነት ቆርቆሮ ነው!» እንላለን። ብረቱ የተሰባበረው የሰው አጥንት እንዳይሰባበር ነው።

አሁን የላስቲኩን ሽፋን አውልቀን ወደ ውስጥ እንግባ። ብዙዎቻችን ፓራውልት የምንለው ቀለም የተቀባው ላስቲክ ቅርፊት ብቻ ነው። ከጀርባው ስፖንጅ የሚመስል ነጭ ወይም ጥቁር ፎም አለ። ከፎሙ ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ብረት ይገኛል። አግዳሚውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት አጫጭር ሳጥኖች ናቸው፤ መሐንዲሶች የግጭት ሳጥን ይሏቸዋል። ለእኔ ከመላው ክፍል የሚደንቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ከተጋጨ መኪና የወጣ አንዱን ሳጥን በእጄ ይዤ አየሁት። እንደ አኮርዲዮን እጥፍ እጥፍ ብሎ ወደ ጭብጥ ወርዷል። እጥፋቶቹ እኩል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አልዘለለም። ያልተጋጨው ጓደኛው ላይ በጣቴ ስዳስስ፣ ጎኑ ላይ ትንንሽ ስርጉድ ምልክቶች አገኘሁ። የፋብሪካ ስህተት አይደሉም፤ እጥፋቱ ከየት እንዲጀምር ብረቱን የሚያዝዙ ምልክቶች ናቸው።

እጥፋቱ ምን ይጠቅማል? በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ቢል፣ ምቱ በአማካይ የመሬት ስበትን 88 እጥፍ ያክላል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም 9 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ብረት ነው።

ቁጥር 15 በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፉ የምርምር ማዕከላት መኪናን የሚፈትኑት በዚሁ ፍጥነት፣ የመኪናውን ፊት 40 በመቶ ብቻ ከግንብ ጋር በማጋጨት ነው። ሳጥኖቹ ሥራቸውን ከሠሩ ሻንሲው አይነካም፤ ጥገናውም በብሎን ፈትቶ በመቀየር ያልቃል።

ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ አግዳሚው የሚሠራው በትኩሱ ተቀርጾ በድንገት ከሚቀዘቅዝ፣ ቦሮን ከተጨመረበት ብረት ነው። ይህን ብረት በእሳት አሙቆ ማቃናት ጥንካሬውን ይገድለዋል። ባትላሜራው አቃንቶ፣ ስቱኮ መትቶ፣ ቀለም ቀብቶ ሲያስረክብዎ መኪናው አዲስ ይመስላል። የሚቀጥለው ግጭት ግን ከስቱኮው ሥር ያለውን ያውቃል። እባክዎ የተጨማደደ ሳጥንና የታጠፈ አግዳሚ አያስቃኑ፤ ያስቀይሩ።

አሜሪካ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ከፊት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲጋጩ መብራታቸውና የነዳጅ መስመራቸው እንዳይጎዳ አዘዘች። ውጤቱ በየአገሩ ታየ። ፖርሽ 911 ከ1974 ጀምሮ በፓራውልቱ ጎንና ጎን ጥቁር የአኮርዲዮን ላስቲክ አደረገ። የእንግሊዟ ትንሽ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ ግዙፍ ጥቁር ፓራውልት ተገጠመላት፤ ስለ ከፍታ የወጣውን ደንብ ለማሟላትም ቁመቷ በአንድ ኢንች ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ወዳጆቿ አዘኑ። በ1982 አሜሪካ ደንቡን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ዝቅ አደረገች። በእኔ ግምት ወደ ኋላ የተሄደበት ውሳኔ ነው።

የአሜሪካው ደንብ የቤት መኪና ፓራውልት ከመሬት ከ41 እስከ 51 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ምት እንዲቀበል ያስገድዳል። ፒክአፕንና ረጃጅም መኪኖችን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ፓራውልት ከፓራውልት ሳይገናኝ አንዱ በሌላው ላይ ሊወጣ ይችላል።

ተዋናይት ጄን ማንስፊልድ በ1967 የሞተችው መኪናዋ ከከባድ መኪና ተሳቢ ሥር ገብታ ነው። ከተሳቢዎች ኋላ ዝቅ ብሎ የሚታየውን አግዳሚ ብረት አሜሪካኖች እስከ ዛሬ በስሟ ይጠሩታል። ከኋላ ወንበር የነበሩት ሦስት ልጆቿ ተርፈዋል።

አውሮፓ ውስጥ ፓራውልት የሚፈተነው በግንብ ብቻ አለመሆኑንስ? የሰው እግር የሚመስል መሣሪያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይወረወርበታል። ፎሙ ከአግዳሚው ፊት የተቀመጠው በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ ለእርስዎ ሳይሆን ለእግረኛው ጉልበት። በ2005 ባወጣችው ደንብም አውሮፓ ከመኪና ፊት የሚታሰሩ የብረት መከታዎችን በዚሁ የእግረኛ ፈተና አስገዛች። እኛ ዘንድ ወፍራም የብረት መከታ የኃይል ምልክት ሆኖ ይታያል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ያ ብረት ፎሙን ከልሎ የሰው ጉልበት ፊት ይቆማል። ይህን ስናገር የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ፤ ቢሆንም መከታው ቢወልቅ እመርጣለሁ።

ወደ መጎተቱ እንመለስ። በብዙ መኪኖች ፓራውልት ላይ ከአንዱ ጥግ ትንሽ አራት ማዕዘን ወይም ክብ ክዳን አለች። በጥፍር ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ብትነሣ ከውስጥ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይታያል። የመጎተቻው ቀለበት የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። የመግቢያው ጥያቄ የሚፈታውም እዚህ ጋ ነው፤ ቀለበቱ ላስቲኩንም ፎሙንም አልፎ ከአግዳሚው ወይም ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። የግጭት ሳጥኑ የሚታጠፈው ከፊት ሲገፋ ነው፤ ሲሳብ ግን ብረቱ ይወጠራል እንጂ አይታጠፍም።

የአውሮፓ ደንብ ይህ ቀለበት የተጫነ መኪናን ክብደት ቢያንስ ግማሹን እንዲሸከም ይጠይቃል። 2,000 ኪሎ ለሚመዝን መኪና 1,000 ኪሎ ማለት ነው። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ መኪና ለመጎተት ጥቂት ዐሥር ኪሎዎች ይበቃሉ። ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ የሰመጠን መኪና በድንገት መንጠቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለተሳቢ የምትሠራዋ ክብ መጎተቻ ኳስ በአውሮፓ ልክ 50 ሚሊ ሜትር ናት፤ ለፈተና 2 ሚሊዮን ጊዜ ትናጣለች። ሆኖም ከጭቃ ለማውጣት በፍጹም ገመድ አይሰሩባት። በንጥቂያ ብትሰበር እንደ ጥይት ትወነጨፋለች፤ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች አሉ። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በተወጠረው ገመድ መሐል ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጃኬት ይጥላሉ፤ ገመዱ ቢበጠስ ኃይሉን ያበርድለታል።

መጎተቻ ኳስ የተገጠመለት መኪና ከኋላ ሲገጭ ምቱ የሚጨማደደውን ክፍል ዘሎ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ከተሳፋሪዎች የአንገት ጉዳት ጋር አያይዘውታል። የሚነቀል ዓይነት ከሆነ፣ ተሳቢ በሌለ ጊዜ ይንቀሉት።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. (እንደኛ አቆጣጠር) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። እነዚህን መኪኖች የሚነዱ ጎማዎቻቸው መሬት ነክተው ረጅም መንገድ መጎተት ጉዳት ያመጣል፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩም ዞሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫልና። ማርሹን ዜሮ ማድረግ ብዙዎቹ ላይ አይበቃም፤ በጭነት መኪና ላይ መውጣት አለባቸው። የአዳዲሶቹ ራዳር ደግሞ ከፓራውልቱ ላስቲክ ጀርባ ተደብቆ ስለሚያይ፣ እዚያ ቦታ ላይ ስቱኮ ወይም ብረት የተቀላቀለበት ወፍራም ቀለም ሲመታ ዓይኑ ይደበዝዛል።

የመጨረሻዋ ለእጅዎ ነች። የአንዳንድ መኪኖች መጎተቻ ቀለበት፣ ለምሳሌ የብዙ ፎልክስዋገኖች፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ወደ ቀኝ እየታገሉ ጥርሱን እንዳይበሉት። ቀለበቱ ከክሪኩና ከትርፍ ጎማው ጋር ተቀምጦ መሆን አለበት፤ ያገለገለ መኪና ከገዙ ዛሬውኑ ከፍተው ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ቦታው ባዶ ነው።