የዱመርሶ ቡና ትርፍና ባለቤቶቹ

በይርጋጨፌ ወረዳ በዱመርሶ እሸት ቡና የሚረከቡት የግል ማጠቢያ ጣቢያዎችና የገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ናቸው። ሁለቱም መዝነው ይገዛሉ፣ ይፈለፍላሉ፣ ያጥባሉ፣ በአልጋ ላይ ያደርቃሉ። የሚለያዩት ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ የግሉ ትርፍ የባለሀብቱ፣ የማኅበሩ ደግሞ የአባላቱ ነው።

ማኅበሩ በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ነው። ዩኒየኑ ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል፤ ከወጪና ከመጠባበቂያ የተረፈውም በማኅበሩ በኩል ለአባላት ይከፋፈላል። ስለዚህ ገበሬው ትርፍ በተገኘበት ዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል፤ እሸቱን ሲያስረክብና ትርፍ ሲከፋፈል። በጠቅላላ ጉባዔ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። አዋጅ 147/1991 ደግሞ አንድ አባል ከተከፈለው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይይዝ ወስኖ ነበር።

ትርፍን የሚጋሩ ድርጅቶችን ያጠኑት ዳግላስ ክሩዝ፣ ሪቻርድ ፍሪማንና ጆሴፍ ብላሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ አንድ ጥያቄ አንስተዋል። የእያንዳንዱ ትጋት ፍሬ ለብዙዎች ከተከፋፈለ ለምን ይተጋል? መልሳቸው ትርፍ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ውጤቱ የሚጠነክረው ሠራተኞች በውሳኔ ሲሳተፉ፣ ሥልጠና ሲያገኙና ለጋራው ጥቅም የእርስ በርስ ሥራቸውን ሲከታተሉ እንደሆነ ያሳያል።

በኢትዮጵያም ታንጊ በርናርድ፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰና እሌኒ ገብረመድኅን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእህል አምራቾች ጥናት የማኅበር አባላት የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኙ አሳይቷል፤ ለገበያ ያቀረቡት የምርት ድርሻ ግን በአማካይ አልጨመረም። ባለቤትነት ዋጋን ያሻሽላል እንጂ የአባሉን የገበያ ልማድ በራሱ አይለውጥም።

በቡና ማኅበራት ፈተናው በለቀማ ወቅት ይወጣል። የትርፍ ክፍፍሉ ከወራት በኋላ ነው፤ የቤት ወጪ ግን አይጠብቅም። የመግዣ ብድር ሲዘገይ አባሉ እሸቱን በእጅ በእጅ ለሚከፍል ነጋዴ ይሸጣል። ማኅበሩም የሚያጥበው ቡና ባነሰ መጠን የጣቢያው ቋሚ ወጪ በጥቂት ኪሎ ላይ ያርፋል፤ የሚከፋፈለውም ትርፍ ይሳሳል። ይህን የሚገቱት በወቅቱ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብና በየዓመቱ ተመርምሮ ለጉባዔ የሚቀርብ ሒሳብ ናቸው።

አንድ ልዩነት ይቀራል። በስፔን በ1956 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሞንድራጎን የኅብረት ሥራ ባለቤቱ ሠራተኛው ነው። በቡና ማኅበር ግን ባለቤቱ ቡናውን ያመረተው ነው፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምትለቅመው የቀን ሠራተኛ አባል ካልሆነች ድርሻዋ ደመወዟ ብቻ ነው።