ማኬሬሬ ያልተቀበላቸው ፕሮፌሰር

የዓለም አቀፍ ፖለቲካው ሊቅ ዐሊ ማዝሩዒ እ.ኤ.አ. በ1933 ሞምባሳ ተወለዱ። የኬንያ ዋና ቃዲ የነበሩት አባታቸው ሸኽ አል-አሚን፣ ልጃቸው አዝሀር ገብተው ዓሊም እንዲሆኑ ይመኙ ነበር፤ በ1947 ወደ አኼራ ሄዱ። ዐሊ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ በማለቱ የኡጋንዳው ማኬሬሬ አልተቀበላቸውም፤ በሞምባሳው የሙስሊሞች የትምህርት ተቋም ጸሐፊ ሆኑ። የኋላ ኋላ በመውሊድ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር እንግሊዛዊውን ገዢ ማርኮ ወደ እንግሊዝ የትምህርት ዕድል አስገኘላቸው። አላህ ሲከፍት እንዲህ ነው!

በ1965፣ የኦክስፎርድ ዶክትሬታቸው ገና ሳይጠናቀቅ፣ በዚያው በማኬሬሬ ፕሮፌሰር ሆኑ። የአፍሪካን ሰላም አፍሪካውያን ራሳቸው ይጠብቁ ሲሉም መጽሐፍ ጻፉ። ከኢዲ አሚን ጋር ግን አልተስማሙም፤ አሜሪካ ገቡ።

በ1986 ባቀረቡት የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም፣ አፍሪካ የነባር ባህሏ፣ የእስልምናና የምዕራቡ ቅርስ ባለቤት መሆኗን አሳዩ። ምዕራቡን ስለተቹ፣ ከረዷቸው አንዱ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ስሜ ይውጣልኝ አለ። በ2014 አሜሪካ ሞተው ሞምባሳ ተቀበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው።