ያልተቆጠረ ሥራ፦ የመሃል ተከላካዩ የጃክ ቻርልተን የሙያ ሕይወት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእግር ኳስ ተከላካይ ነው። ርእሱን ባሳወቅሁ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ስለ አጥቂ ቢሆን አይሻልም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የንግግሬ መነሻ ሆነ። የአጥቂ ሥራ ይቆጠራል፤ ስንት ጎል እንዳገባ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ከመዝገብ ይገኛል። የተከላካይ ሥራ ግን አንድ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ በመዝገብ አይሰፍርም። ስለዚህ የተከላካይ ስም በታሪክ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በተሳሳተበት ቀን ነው። ይህ አለመቆጠር የዝና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምሁም። የጤና እና የሕግ ጉዳይም ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ለማስረጃነት የመረጥሁት ሰው እንግሊዛዊው ጃክ ቻርልተን ነው። ከ1952 እስከ 1973 በአዋቂነት የተጫወተው ለአንድ ክለብ ብቻ፣ ለሊድስ ዩናይትድ ነው። 773 ጨዋታዎችን አድርጓል፤ ይህም እስከ ዛሬ የክለቡ ክብረ ወሰን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቻርልተን በ1935 የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በአሺንግተን፣ በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ነው። እናቱ ሲሲ ከሚልበርን ቤተሰብ ነበረች፤ አራቱ ወንድሞቿ ሁሉም በሙያው የተሰማሩ ተጫዋቾች፣ ያውም ተከላካዮች ነበሩ። ዝነኛው የኒውካስል አጥቂ ጃኪ ሚልበርንም የቅርብ ዘመዳቸው ነው። አባቱ ቦብ ግን ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ለኳስም ደንታ አልነበረውም። በ1966 ሁለቱ ልጆቹ፣ ጃክና ቦቢ፣ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲሰለፉ እሱ የሥራ ተራው ደርሶ ስለ ነበር ከመሬት በታች ነበር።

ጃክ በ15 ዓመቱ አባቱን ተከትሎ ወደ ማዕድኑ ወረደ። ሥራውን ጥቂት ካየ በኋላ ግን ተወው፤ ፖሊስ ለመሆንም አመለከተ። በዚያው ወቅት ሊድስ ለሙከራ ጠራው። የፖሊስ ቃለ መጠይቁና የሙከራ ጨዋታው በአንድ ቀን ሲገጣጠሙበት ጨዋታውን መረጠ።

እዚህ ላይ ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጠቁም። የከሰል አቧራ በቆፋሪዎች ሳንባ ላይ የሚያመጣው በሽታ ከ1943 ጀምሮ በብሪታንያ ሕግ ካሳ የሚያስገኝ የሥራ በሽታ ሆኖ በሰፊው ታውቋል። ወጣቱ ቻርልተን እንግዲህ ጉዳቱ ስም ካገኘለት ሥራ ወጥቶ፣ ጉዳት አለው ተብሎ ወዳልታሰበ ሥራ ገባ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫዋች መሆን ከማዕድን የመዳን ያህል ነበርና ማንም እንዲህ ብሎ አላሰበውም።

የገባበት ቦታ ታሪክ አለው። እስከ 1925 ድረስ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን ከእሱና ከግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች ሊኖሩ ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዘመን የሚገባው ጎል ከ1,192 ወደ 1,703 ተተኮሰ። ክለቦች፣ በተለይም በኸርበርት ቻፕማን የሚመራው አርሰናል፣ መፍትሔ ያደረጉት ከመሃል ሜዳ አንዱን ተጫዋች ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ የመስመር ተከላካዮች መካከል ማቆም ነበር። አምስት ቁጥር ለባሹ የመሃል ተከላካይ የተወለደው በዚህ ዓይነት፣ ከሕግ ለውጥ ነው። ሥራውም ግልጽ ነበር፤ ከሩቅና ከመስመር ወደ ግብ የሚላከውን ረጅም ኳስ በአየር ላይ ማስቆም። ለዚህ የሚመረጠው ረጅምና በጭንቅላቱ ጠንካራ የሆነ ሰው ነው። አንገተ ረጅሙ ቻርልተን «ቀጭኔ» የሚል ቅጽል የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ኳስን በግንባር መምታትን «ቴስታ» እንለዋለን። ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደነዋል፤ በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ራስ፣ ጭንቅላት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ድርጊቱን የምንጠራው ድርጊቱን በሚሸከመው አካል ስም ነው። ይህን አጋጣሚ ወደ መጨረሻው ገደማ እናስታውሰዋለን።

ስለ ክፍያው አጭር ማብራሪያ ይበቃል። ቻርልተን ሲጀምር የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። ጣሪያው በተነሣበት በጥር 1961 እንኳ በውድድር ወራት ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። ውሉ ያለቀ ተጫዋችም ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም ነበር። ይህ አሠራር የሥራ ነጻነትን ያለ አግባብ ይገድባል ብሎ ፍርድ ቤት የወሰነው ጆርጅ ኢስትሃም በኒውካስል ላይ ባቀረበው ክስ፣ በ1963 ነው። የቻርልተን የሥራ ዘመን ግማሹ ያለፈው በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ነው።

በዚያ ግማሽ ዘመን ስሙ ብዙም አይነሣም። ሊድስ በ1956 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ፤ በ1960 ተመልሶ ወረደ። ቻርልተንም ችሎታው እንጂ ጠባዩ የማይመሰገን፣ ከአሰልጣኝ ጋር የሚሟገት ሰው ነበር። ለውጡ የመጣው በ1961 የአሰልጣኝነቱን ወንበር ከያዘው ከዶን ሬቪ ጋር ነው። ቻርልተን እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አጥቂ ተከትሎ ከሚሮጥ የራሱን ቦታ ቢጠብቅ ይሻላል ባይ ነበር። ሬቪ ሐሳቡን ተቀብሎ የኋላውን መስመር እንዲመራ ፈቀደለት። ለእኔ የሙያው ቁልፍ ይህ ነው። ሰውን የሚከተል ተከላካይ ለተጋጣሚው ውሳኔ ምላሽ ይሰጣል፤ ቦታን የሚጠብቅ ተከላካይ ግን ገና ያልሆነውን አስቀድሞ ያነብባል፣ ጓደኞቹንም በድምፅ ያዛል። ጨቅጫቃ የተባለው ሰው ጭቅጭቁ ሥራ ሆነለት።

ውጤቱ በቁጥር የሚታየው በ1968–69 ነው። ሊድስ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን ከ42 ጨዋታዎች የተሸነፈው በ2 ብቻ ሲሆን የተቆጠረበት ጎል 26 ነው። ግን ከእነዚያ ሳይገቡ ከቀሩት ጎሎች ውስጥ የቻርልተን ድርሻ ስንት ነው? መልስ የለውም።

ለብሔራዊ ቡድን የተጠራው ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለትም 30 ዓመት ሊሆነው ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 1965 ነው። አሰልጣኙ አልፍ ራምሲ ለምን እንደ መረጠው ሲጠይቀው የተሰጠውን መልስ ቻርልተን ራሱ እየሳቀ ይተርከው ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ ራምሲ ሁልጊዜ ምርጥ ምርጡን ሳይሆን ለአሰላለፉ የሚስማማውን እንደሚመርጥ ነው። ለአጥቂ እንዲህ ቢባል ስድብ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ 1966 እንሂድ። እንግሊዝ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ አንድም ጎል አልተቆጠረባትም። ከፖርቱጋል ጋር ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ቻርልተን ወደ ግብ የምትሄድ ኳስ በእጁ መለሰ፤ ዩዜቢዮም ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ። እንግሊዝ ወንድሙ ቦቢ ባገባቸው ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 አሸነፈች። ከአራት ቀናት በኋላ በዌምብሌይ በተደረገው ፍጻሜ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 እየመራች የመጨረሻዋ ደቂቃ ደረሰች። ኳስ በአየር ላይ ነበረች። ቻርልተን በቴስታ ሊመታት ከዚግፍሪድ ሄልድ ጀርባ ዘለለ። ስዊዘርላንዳዊው ዳኛ ጎትፍሪድ ዲንስት ጥፋት ነው ብለው ፊሽካ ነፉ። ቅጣት ምቱ ተመታ፤ ኳሷ በሰው መካከል ተገጫጭታ ቮልፍጋንግ ዌበር እግር ሥር ደረሰች፤ 2 ለ 2 ሆነ።

በዚያ ውድድር በሙሉ ስንት ኳስ በቴስታ መልሷል? አልተመዘገበም። በመዝገብ የሰፈረችው ያቺ አንዷ ናት። በተጨማሪ ሰዓት እንግሊዝ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ሲያበቃም ቻርልተን በሣሩ ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። በቀጣዩ ዓመት የእግር ኳስ ጸሐፊዎች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብለው መረጡት፤ በ1972ም 37 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ከሊድስ ጋር የኤፍኤ ዋንጫን አነሣ። ስለ አሰልጣኝነቱና የአየርላንድ ሪፐብሊክን ቡድን በ1990 ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስለ ማድረሱ ሌላ ንግግር ያስፈልገዋል።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የዚያን ዘመን ኳስ ከዛሬው ይከብድ ነበር ሲባል እንሰማለን። ደረቅ ሳለች ክብደቷ እንደ ዛሬው ከ410 እስከ 450 ግራም ነበር፤ ልዩነቱ ቆዳው ዝናብ መጠጣቱ ነው። ይህን የማነሣው «ችግሩ የድሮ ኳስ ነው» የሚለውን ቀላል መልስ እንዳትቀበሉ ነው። ዛሬ ኳስ ውኃ አትጠጣም፤ ፍጥነቷ ግን አለ።

በ2002 የዌስት ብሮምዊች አልቢዮን አጥቂ የነበረው ጄፍ አስል በ59 ዓመቱ ሞተ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን ያረፈው ከሥራው በመጣ በሽታ ነው ብለው ወሰኑ። ኳስ ደጋግሞ በጭንቅላት መምታት አንጎሉን ጎድቶታል ማለት ነው። ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ግን ብዙ ዓመት ጸጥታ ሆነ። በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዊሊ ስቱዋርትና ባልደረቦቻቸው 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው 23,028 ሰዎች ጋር አነጻጽረው አወጡ። ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ነው፤ በመርሳትና በመሰል የአንጎል በሽታዎች ግን ወደ 3.5 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናት ተጫዋቾቹን በቦታቸው ለየ። የግብ ጠባቂዎቹ አደጋ ከተራው ሰው ብዙም አልተለየም። የተከላካዮቹ ወደ 5 እጥፍ ደረሰ።

እንደ ተመራማሪ ጥንቃቄ ይገባናል። ጥናቱ ማን ስንት ጊዜ በቴስታ እንደ መታ አያውቅም፤ ያንን የጻፈ ስላልነበረ። የሚያሳየው የቡድንን አደጋ ነው እንጂ የአንድን ሰው ሕመም ምክንያት አይደለም። ሆኖም ግብ ጠባቂና ተከላካይ አንድ ዓይነት ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ፣ አንድ ዓይነት አኗኗር ነበራቸው። በሜዳ ላይ ግን አንዱ ኳስን በእጁ ይይዛል፣ ሌላው በጭንቅላቱ ይመልሳል። ይህን ልዩነት ሌላ ነገር ያብራራዋል የሚል ሰው ያንን ሌላ ነገር ማሳየት አለበት።

በ1966 ፍጻሜ ከተሰለፉት አሥራ አንድ እንግሊዛውያን አምስቱ፣ ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስ እና ሁለቱ ቻርልተኖች፣ በኋላ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ጃክ በሐምሌ 2020 በ85 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ ወጣ። በ2021 ደግሞ በእንግሊዝ ለአዋቂ ተጫዋቾች በልምምድ ሳምንት ከ10 የማይበልጥ ኃይለኛ ቴስታ ተፈቀደ። ሥራው መቆጠር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራቱ ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም ተቀርጾ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ቻርልተን ራሱ ያሠለጠነውን የአየርላንድ ቡድን የድሮ ጨዋታ ይመለከታል፤ ብዙው ነገር ከአእምሮው ጠፍቷል። አንድ ተጫዋች በመስታወቱ ላይ ሲያልፍ ግን ፊቱ በርቶ ስሙን ይጠራል፤ ፖል ማግራዝ። ማግራዝ ለማንችስተር ዩናይትድና ለአስቶን ቪላ የተጫወተ የመሃል ተከላካይ ነበር።

 ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።