2.4 ወይስ 5? ስለ ዋይፋይ ማራዘሚያ

በባሕር ዳር ከተማ የኢንተርኔት መስመር ወደ ጊቢ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ማረፊያው የዋናው ቤት ሳሎን ነው። ባለሙያው መስመሩን ስቦ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጥና ይሄዳል። መስመሩን ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው ሰው ግን ሳሎን ውስጥ አይደለም። በሽምብጥም ሆነ በፖሊና በፔዳ አካባቢ፥ ከጊቢው ኋላ በተሠራው ሰርቪስ ቤት የተከራየው ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የወሩን ሒሳብ ከአከራዩ ጋራ እኩል ይከፍላል፤ የሚደርሰው ግን እኩል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ዋይፋይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንዲህ ያለው ተከራይ ሳይረዳው አልቀረም።

እንግዲህ ወጣቱ ገበያ ወጥቶ ማራዘሚያ፥ ማለት ኤክስቴንደር የሚባለውን መሣሪያ ይገዛል። ሶኬት ላይ እንደ ሰካውም 2.4 ጊጋኸርዝ ወይስ 5 ጊጋኸርዝ የሚል ምርጫ ይቀርብለታል። አያሌ ሰዎች ያለ ማመንታት 5ን ይመርጣሉ። ቁጥሩ ይበልጣል፤ ሻጩም «ፈጣኑ ይህ ነው» ብሏቸዋል። (ይህ 5 በሞባይል ስልክ ከሚነገረው 5ጂ ጋራ አንድ አይደለም፤ ያኛው አምስተኛ ትውልድ ማለት ነው።) ሻጩ አልዋሸም፤ ነገር ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ተናገረ።

በበዓል ሌሊት በጣና ዳር ያደረ ሰው ይህን ነገር ለማስተዋል አይቸገርም። ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ወደ ጆሮ የሚደርሰው የከበሮው ድምፅ ነው፤ ጸናጽሉ የሚሰማው ቀረብ ሲሉ ነው። የራዲዮ ሞገድ ድምፅ ባይሆንም ጠባዩ በዚህ በኩል ይመሳሰላል። የ2.4 ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የ5 ግን ከ6 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በአንድ ዓይነት አንቴና፥ በእኩል ርቀት፥ አንዳች ግድግዳ ሳይኖር እንኳ፥ በ5 የሚደርሰው ኃይል በ2.4 ከሚደርሰው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ብሎኬትና ብረት ያለበት ኮንክሪት በመካከል ሲገቡ ልዩነቱ ይብሳል። ቅጠሉ የለመለመ ዛፍም ቢሆን በውስጡ ውሃ ስላለ ሞገድ ይውጣል፤ በሐይቁ ዳር ባሉት የሆቴል አትክልት ቦታዎች የሚቀመጥ እንግዳ ይህን ያስብ።

ታዲያ 2.4 ይሻላል ማለት ነውን? እንደዚያም አይደለም። ይህ መስመር ጠባብ ነው፤ ከ2,400 እስከ 2,483.5 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ሲሆን፥ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ የሚሠሩ ሦስት ቻነሎች፥ ማለት 1፥ 6 እና 11 ይገኙበታል። ብሉቱዝም በዚያው ነው፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ይረብሻል። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ሲገባ፥ 2.4 ባጃጅ እንደ ሞላው መንገድ ይሆናል።

ማራዘሚያ ኢንተርኔትን አይፈጥርም፤ የሰማውን ይደግማል እንጂ። በአንዱ መስመር ሰምቶ በዚያው በአንዱ መስመር የሚናገር እንደ ሆነ፥ ጊዜው ለሁለት ስለሚከፈል ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች የያዘውን ገዝቶ ሥራ ማከፋፈል ይበጃል። ማራዘሚያው በዋናው ቤት ኮሪደር ወይም ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት አጠገብ የሚቆም ከሆነ፥ ከራውተሩ በ5 ይቀበል፤ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በ2.4 ያቀብል። በተከራዩ ክፍል ውስጥ ከመቆም ሌላ መንገድ የሌለው እንደ ሆነ ደግሞ፥ በ2.4 ይቀበልና በዚያችው ክፍል ላለው ላፕቶፕ በ5 ይስጥ።

በበኩላችን የምንመክረው የፊተኛውን ነው። ብዙዎች ማራዘሚያውን ሞገድ ሊሞት በቀረበበት በገዛ ክፍላቸው ይሰኩና መሣሪያውን ይረግማሉ። ራሱ ያልሰማ መልእክት ሊያደርስ አይችልም። ችግሩ «እማማ፥ ይህችን ዕቃ በእርስዎ ኮሪደር ልሰካት?» ብሎ አከራይን መጠየቅ ማሳፈሩ ነው። አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከ10 ዋት በላይ እንደማይፈጁ ቢነገራቸው፥ ስለ መብራቱ ሒሳብ የሚጨነቁ እናት ይከለክላሉ ብለን አናምንም።

የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ብረት ሁለቱንም ሞገዶች ስለሚመልስ፥ መስኮት በሌለበት በኩል 2.4ም 5ም አይረዱም። ለዚህ ቤት ከራውተሩ ኬብል መሳብ ይሻላል፤ የተለመደው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ሳሎንና ሰርቪስ ቤት ደግሞ ይህን ያህል አይራራቁም።