ብስክሌትን በቁመት ልክ ስለ መምረጥ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ወጥቶ በገጠሩ ኮረኮንች በብስክሌት የሚመላለስ ሰው፥ ሲገዛ አስቀድሞ የቴላዮውን፥ ማለት የአጥንቱን፥ ልክ ያስተውል። እርካብ ይረዝማል፥ ያጥራል፤ በቅሎዪቱ ግን ባለችበት ትቀራለች። ኮርቻው እንደ እርካቡ፥ ቴላዮው እንደ በቅሎዪቱ ነው።

ስለዚህ ገዢው ጫማውን እንዳደረገ አግዳሚውን ብረት በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ ይቁም፤ በተራራ ብስክሌት ከብረቱ እስከ ብሽሽቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይገኝ ዘንድ ይገባል። ከዚያም ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ካለ የኮርቻው ከፍታ ደኅና ነው። ለዚህ ሲባል ኮርቻው በዘንጉ ላይ ከተቀረጸው ምልክት አልፎ የሚነሣ ከሆነ ግን ቴላዮው ያንሰዋል።

ለልጅ «ያድግበታል» እያሉ እንደ ልብስ ትልቁን መግዛት ክፉ ልማድ ነው፤ በቁልቁለት ድንገት ሲያቆም እግሩ ምድር አይደርስለትምና።