ታርዛን፣ ከኋላህ!

ጥቅምት ነው፣ ገንዳ ውኃ። የሰሊጥ አጨዳው እየተገባደደ፣ የቀን ሠራተኛው ገንዘቡን ይዞ ከተማ ገብቷል። ወበቁ ሲመሽም አይለቅም። ከአንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ጩኸት ሰምቼ ገባሁ። ነጩ ጀግና ጠመንጃውን ደግኖ ያደባል፤ ጥቁሮቹ ባላንጣዎቹ ከጀርባው ይመጣሉ። ልጆቹ ከአግዳሚው ተነሥተው «ከኋላህ! ከኋላህ ነው!» ይሉታል።

ይህን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ ግን ከየት? ኋላ ትዝ አለኝ፤ በጆሮዬ ሰምቼው ሳይሆን፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነቱ ሲናገር አንብቤው ነው።

ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። በልጅነቱ ታርዛንን ሲያይ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት፣ እሱና ጓደኞቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹ ነበር። ተራራው ላይ ወጥተውም ካውቦይ ይጫወታሉ፤ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ አልነበረም። አባቱ ገሪማ ታፈረ ደግሞ ጣሊያንን ስለተፋለሙ አርበኞች የጻፉ ሰው! ቤት ሲገባ አርበኛ፣ ሲኒማ ሲገባ ታርዛን።

ለማን ሲጮህ እንደኖረ የገባው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ሊማር ቺካጎ ሄደ፤ በምዕራባውያኑ ቲያትር የሚደርሰው ግን የጭፍራ ቦታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ አፍንጫ ሥር፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ገባ። እንደ ቻርልስ በርኔት ያሉ ጥቁር ተማሪዎች ሆሊውድን የማይመስል ፊልም ለመሥራት የሚታገሉት እዚያ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ አገሩ መጣ። በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ የሚያንባርቅ ባላባት አለ፤ እብድ የሚባለው ከበበ አለ፤ ባላባቱን በመጨረሻ የሚገድለው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ፊልሙን ስለ ተቃውሞው ያወድሰዋል። እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ካሜራው አይቸኩልም፤ ከአራሹ ጋር ያውልሃል፤ በሬው ይጎተታል፣ ጅራፉ ይጮሃል። ከአራሹ ጋር ያን ያህል ከተዋለ በኋላ ለሌላ ለማን ይጮኻል? ታርዛንን ያሸነፈው በዚህ ይመስለኛል።

ድሉ ግን በሆሊውድ ገበያ አልተመነዘረም። ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 የሚያከፋፍልለት አጥቶ፣ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ አሳየው።

ገንዳ ውኃ ቪዲዮ ቤት በገባሁ በማግስቱ ማታ ለአንድ ከደጋ ለአጨዳ ለወረደ ወጣት «ምርት»ን በስልኬ ከፈትኩለት። እርሻውን ዝም ብሎ ብዙ ደቂቃ አየ። ሞፈሩን፣ በሬውን፣ እግሩ የተሰነጣጠቀውን ሰው አየ።

«ይሄማ የኛ ቤት ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው፣ ጋሼ?»