ከበላ ስንት ደቂቃ ሆነው?

አንድ ሕፃን እንቁላል ቀምሶ ገና አፉ ሳይጠረግ ከንፈሩ ያብጣል፤ አገጩና አንገቱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል። ሌላው እንቁላሉን በልቶ በሰላም ይተኛል፤ በማግሥቱ ግን የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት ሻክሮ ሲያክ ይውላል። ሦስተኛው ቲማቲም የበዛበት ፓስታ ፊቱን ለቅልቆ ሲያበቃ ምግቡ የነካው ቦታ ብቻ ይቆጣል፤ ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋለታል። በየቤቱ ለሦስቱም የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው። «ምግቡ አልተስማማውም» ይባልና ምግቡ ይከለከላል።

የሦስቱ ልጆች ችግር ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ለሕይወት ሊያሰጋ የሚችል አለርጂ ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ እንቁላል ኖረም አልኖረም እየተመላለሰ የሚነሣ ችፌ ነው። ሦስተኛውን ያመጣው የቲማቲሙ አሲድ ስለሆነ አለርጂ ሊባል አይችልም። የሕፃናት ሐኪም እነዚህን ለመለየት ምን እንደበላ ከጠየቀ በኋላ ወዲያው የሚያስከትለው ጥያቄ «ከበላ ስንት ደቂቃ ሆነው?» የሚል ነው። የሽፍታ መልክ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል፤ የመጣበት ሰዓት ግን ብዙ ይናገራል።

ሰዓቱ ለምን ይናገራል?

መልሱ የተገኘው አንድ ሐኪም በገዛ ቆዳው ላይ ባደረገው ሙከራ ነው። ሃይንስ ኩስትነር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የተቀቀለ ዓሣ ሲበላ አለርጂው ይነሣበት ነበር። በብሬስላው ከተማ የሚሠራው ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትስ ደግሞ ዓሣ ቢበላ ምንም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት ሥራ እንደተገለጸው፣ ፕራውስኒትስ ከኩስትነር ደም ሴረሙን ለይቶ በራሱ ቆዳ ውስጥ ወጋው። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ ከዓሣ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሲወጋ ቆዳው በደቂቃዎች ውስጥ አበጠና አሳከከው። ሌላው ቆዳው ደኅና ነበር። አለርጂውን የሚያመጣው ነገር በአለርጂው ባለቤት ደም ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ።

ያ ነገር ተለይቶ እስኪታወቅ 45 ዓመት ያህል ፈጀ። ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 አገኙት፤ ዛሬ አይጂኢ እየተባለ የሚጠራው አንቲቦዲ ነው። አለርጂ ያለበት ልጅ ሰውነት ለምሳሌ የእንቁላልን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ ያመርትበታል። ይህ አንቲቦዲ በቆዳ፣ በአንጀትና በመተንፈሻ አካላት ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ልጁ እንቁላሉን ዳግም ሲበላ ፕሮቲኑ ከአይጂኢው ጋር ይገናኛል፤ ሕዋሳቱም ያከማቹትን ሂስታሚን ባንድ ጊዜ ይለቁታል። ሂስታሚን ደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ እንዲያንጠባጥቡ ያደርጋል፣ የማሳከክ ነርቮችንም ይቀሰቅሳል። ቆዳው ሳማ የለበለበው ይመስላል።

ሂስታሚኑ አስቀድሞ ተመርቶ የተቀመጠ ስለሆነ ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። «ባለፈው በልቶት ምንም አልሆነም» የሚለው ማስተባበያም ብዙ አያስኬድም፤ ሰውነቱ አይጂኢውን ለማዘጋጀት ከምግቡ ጋር ቀደም ብሎ መተዋወቅ ነበረበት።

በአይጂኢ የማይመሩ አለርጂዎች ግን ይዘገያሉ። አንዱ ዓይነት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ሕፃኑን ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ያገረጣዋል፣ ያዝለዋል፤ ቆዳው ላይ ግን ምንም አይታይም። የላም ወተት፣ ሩዝና አጃ ይህን ያመጣሉ ከሚባሉት መካከል ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሆድ ኢንፌክሽን እንደያዘው ተቆጥሮ ይታከማል።

ጠይም ቆዳ ሲቆጣ

ስለ ሕፃናት ሽፍታ የሚያወሱ መጻሕፍትና ብሮሹሮች ብዙዎቹ «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ፤ ፎቶዎቻቸውም የነጭ ልጆች ናቸው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ችፌ አመድማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ከአካባቢው የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ ከመሻከር ይልቅ በየጸጉሩ ሥር ችፍ ችፍ ይላል። በድንገት የሚመጣው የአለርጂ እብጠትም የቆዳውን ቀለም ሳይለውጥ ከፍ ከፍ ብሎ ብቻ ሊታይ ይችላል። እናት በዓይኗ ከመፈለግ በመዳፏ ብትዳስስ ይሻላታል፤ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን በጎን ማየትም እብጠቱን ያጎላዋል።

ሁለቱን የሚለየው የቆይታ ጊዜያቸው ነው። የአለርጂ እብጠት ቦታ ይቀያይራል፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ይወጣል፤ እያንዳንዱም ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል። ችፌ ግን እዚያው ከርሞ ቆዳውን ያደርቃል፣ ያወፍራል፣ ሲድንም ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል።

የአለርጂ የሚመስል እብጠት ሁሉም ከምግብ አይመጣም። በሕፃናት ላይ በድንገት ለሚወጣ እንዲህ ያለ ሽፍታ ዋነኛው ምክንያት የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው። ልጁ ጉንፋን ይዞት ሳለ ሽፍታ ቢወጣበት፣ በዚያ ቀን የበላው እንቁላል ያለ ጥፋቱ ሊወነጀል ይችላል። ለጉንፋኑ ተብሎ የተሰጠው አንቲባዮቲክም ተጠርጣሪ ነው። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሃል የሚወጣና እናትንም ወንድምንም የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከእከክ ጋር እንጂ ከምግብ ጋር አይገናኝም።

ቆዳ እንደ መግቢያ

ለረዥም ጊዜ የታመነው «ምግብ ችፌ ያመጣል» የሚለው ነበር። ከ20 ዓመታት በላይ የተከማቸው ማስረጃ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው እንደሚሄድ ያሳያል። ቀድሞ የሚመጣው ችፌው ነው፤ በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል የገባው የምግብ ቅንጣት ደግሞ አለርጂውን ያስከትላል። በሆድ በኩል የገባ ምግብ ሰውነት እንዲላመድ ሲያደርግ፣ በቆሰለ ቆዳ በኩል የገባው ግን ሰውነትን ያስቆጣል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ቅባት ይቀቡ የነበሩ ሕፃናት የኦቾሎኒ አለርጂ በብዛት እንደታየባቸው አመለከተ። በጃፓን ደግሞ የስንዴ ፕሮቲን የተጨመረበት የፊት ሳሙና ከ2,000 በላይ ሰዎችን የስንዴ አለርጂ አሲዟል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ዳቦና ፓስታ ያለ ችግር ሲበሉ የኖሩ ነበሩ።

የቆዳን ግንብ የሚያጠናክር ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። የዚህ ፕሮቲን ጂን ጉድለት ከችፌ ጋር ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተገኘ፤ በብዙ አውሮፓውያን ሕመምተኞችም ላይ ጉድለቱ ታይቷል። ኢትዮጵያውያን የችፌ ሕመምተኞች በተመረመሩበትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ግን ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር የተለመዱት ጉድለቶች አልተገኙም። ግንቡ የሚፈርሰው በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሕክምናው አይለወጥም። ቆዳውን ሽታ በሌለው ቅባት፣ ለምሳሌ በተራ ቫዝሊን፣ በቀን ደጋግሞ ማለስለስና ሐኪም ያዘዘውን የችፌ መድኃኒት ሳይፈሩ መቀባት ነው። ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ ለምግብ የሚሆን ነገር፣ የኑግም ሆነ የሰሊጥ ዘይት፣ ቅቤም ቢሆን፣ ባይቀባ ይመረጣል። የሚያበላውና የሚያቅፈው ሰውም ኦቾሎኒ ሲቆላ ወይም እንቁላል ሲሰብር በዋለ እጁ ልጁን ከመንካቱ በፊት ይታጠብ።

መከልከል ወይስ ማስለመድ?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክር፣ የአለርጂ ሥጋት ያለባቸው ልጆች እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ኦቾሎኒ እስከ 3 ዓመት እንዳይሰጣቸው አሳስቦ ነበር። የኦቾሎኒ አለርጂ ግን አልቀነሰም፤ ማኅበሩም ምክሩን በ2008 ለወጠ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝና በእስራኤል የሚማሩ አይሁድ ልጆችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። የኦቾሎኒ አለርጂ በእንግሊዝ 1.85 በመቶ ሲሆን በእስራኤል 0.17 በመቶ ብቻ ነበር። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ምክንያቱን ለመገመት አይቸገሩም። ባምባ የሚባለው በኦቾሎኒ የተሠራ ለስላሳ መክሰስ እዚያ ጥርስ ካላወጡ ሕፃናት እጅ አይጠፋም።

የለንደኑ ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ ነገሩን በሙከራ ፈተሹት። ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ጠንካራ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ኦቾሎኒ በየሳምንቱ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ ፈጽሞ እንዳይቀምሱ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በመነሻው የቆዳ ምርመራ ለኦቾሎኒ ምላሽ ካላሳዩት መካከል፣ 5 ዓመት ሲሞላቸው አለርጂ የተገኘባቸው ከተከለከሉት 13.7 በመቶ፣ ሲበሉ ካደጉት ግን 1.9 በመቶ ነበሩ።

እንግዲህ 6 ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ልጅ በደንብ የበሰለ እንቁላልና በገንፎ የቀጠነ የኦቾሎኒ ቅቤ ቢቀምስ፣ የተስማማውንም በየሳምንቱ ቢደጋግም ይጠቅመዋል። ጠንካራ ችፌ ያለበት ልጅ ግን አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ። የኦቾሎኒ ፍሬ እንዳለ አይሰጥም፤ ያንቃል።

እዚህ ላይ የኛን ቤት የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ለልጅ የሚዘጋጀው ምጥን ዱቄት ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ሌላም ባንድ ላይ ተቆልቶ የሚፈጭበት ነው። ለሰውነት ግንባታ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ምግብ ምጥን ከሆነና ቆዳው ቢያብጥ፣ ከዚህ ሁሉ እህል የትኛው እንዳስቆጣው ማን ያውቃል? ስንዴው፣ ኦቾሎኒውና አኩሪ አተሩ መጀመሪያ በተራ፣ የሁለትና የሦስት ቀን ልዩነት እየተሰጠ ለየብቻ ይቀመሱ፤ ምጥኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አዲስ ምግብ ደግሞ በጠዋት፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን ይሰጥ። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ቤተሰብ ግብጦንና አብሽንም በጥንቃቄ ይያዝ፤ ፕሮቲኖቻቸው ስለሚቀራረቡ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ተመሳሳይ ቁጣ ያመጣሉ። የላም ወተት የሚያስቆጣውን ልጅ ወደ ፍየል ወተት ማዞርም መፍትሔ አይሆንም፤ አብዛኞቹ በሁለቱም ይቆጣሉ።

ምርመራው የሚለውና የማይለው

የቆዳ ምርመራ የሚደረገው የምግቡን ፈሳሽ ጠብታ ክንድ ወይም ጀርባ ላይ አድርጎ ቆዳውን በቀጭን መርፌ ጫፍ በመጠኑ በመውጋት ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካበጠ «ፖዘቲቭ» ይባላል። በደም ውስጥ ያለውን አይጂኢ መለካትም ይቻላል። ሁለቱም የሚያሳዩት ሰውነቱ አንቲቦዲውን እንደያዘ ነው፤ ልጁ ምግቡን ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። በደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸውን እንቁላልና ስንዴ ያለ ችግር የሚበሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ትርጉም የሚያገኘው ከልጁ ታሪክ ጋር ሲነበብ ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ በሐኪም ፊት፣ መድኃኒት ተዘጋጅቶ፣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ማብላት ነው። አይጂጂ የሚባለውን ሌላ አንቲቦዲ የሚለካ የ«አለመስማማት» ምርመራን ግን የአለርጂ ማኅበራት አይመክሩም።

ወላጅ ይዞ መሄድ የሚገባው የምግቡን ዓይነትና መጠን፣ ጥሬ፣ የተቀቀለ ወይም በኬክ ውስጥ የተጋገረ መሆኑን፣ ሰዓቱን፣ ሽፍታው የቆየበትን ጊዜና በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። የአበሳሰሉ ዝርዝር ትርፍ ወሬ አይደለም፤ በእንቁላል ፍርፍር የሚቆጡ ብዙ ልጆች ኬክ ውስጥ የተጋገረውን እንቁላል ይችሉታል።

ለሐኪም ቀጠሮ የማይተው ምልክት አለ። ሽፍታው ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ፣ ድምፅ መጎርነን፣ የማያባራ ማስመለስ፣ መገርጣት ወይም መዝለፍለፍ ከተጨመረ አናፊላክሲስ ነው። አንዳንዴ ሽፍታ ጨርሶ ሳይኖርም ይመጣል። መድኃኒቱ በጭን የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የማሳከክ ሽሮፕ አይተካውም። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሲያሹ የሚያልፈው ደቂቃም አይመለስም። ልጁ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ በአፋጣኝም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በጥርጣሬ ብቻ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ ባንድ ላይ የተከለከለ የሁለት ዓመት ልጅ ዕድገቱ ሊጎዳ ይችላል። ችፌ ያለበት ልጅ ደግሞ ሲበላው የነበረውን ምግብ ለወራት ከተከለከለ በኋላ ሲመለስበት፣ ቀድሞ ያልነበረ ፈጣን አለርጂ ሊነሣበት ይችላል። የተረጋገጠ ክልከላም ለዘለዓለም አይደለም። አብዛኞቹ የወተትና የእንቁላል አለርጂዎች ልጁ ሲያድግ ይለቁታል፤ የኦቾሎኒው የሚለቀው ግን ከአምስት ልጆች አንዱን ያህል ነው። ስለዚህ ማንኛውም ክልከላ ሲጀመር፣ ሐኪም መልሶ የሚፈትሽበት ቀን አብሮ ይቆረጥ።